ዊሊያም ኦስለር፦ ዋርዱን ትምህርት ቤት ያደረገ ሐኪም

በዚህ መጽሔታችን የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለራሳችን መምህራን ነው፤ ደግም ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ሲደርስ ግን አንድ የውጭ አገር ሰው መረጥሁ። ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አገራችንንም በእግሩ አልረገጣትም። ታዲያ ለምን እሱ? ከውስጥ ደዌ ክፍል ያለፍን ሁሉ በየጠዋቱ የምናደርገው ነገር፣ ማለትም ከታካሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ ታሪክ ማቅረቡ፣ ኢንተርኑ ለሬዚደንቱ፣ ሬዚደንቱ ለሲኒየሩ መልስ መስጠቱ፣ ከሰማይ የወረደ ሥርዓት ስላልሆነ ነው። ይህን ነገር አጥብቀው ካቆሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዊሊያም ኦስለር ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ያው እንደምታውቁት፣ ስንገናኝ ቡናው ሳይቀርብ ወሬያችን አንድ ቦታ ይሄዳል። ማን ቀረ፣ ማን ሄደ፣ ዲፓርትመንቱን ማን ይረከባል እንላለን። የክፍል ኃላፊነት ፊርማና ስብሰባ ብቻ እየሆነ መጥቷል ብለን እናማርራለን። የዚህ ሰው ዕድሜ ከሞላ ጎደል ያለቀው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር። አንቱ ልበለው ብዬም አስቤ ነበር፤ ግን ሲጫወት የኖረ ሰው ስለሆነ አንቱታው ብዙ የሚስማማው አልመሰለኝም።

ኦስለር የተወለደው ሐምሌ 12 ቀን 1849 ዓ.ም. በካናዳ፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ ቦንድ ሄድ በምትባል የጫካ መንደር ነው። አባቱ ፌዘርስቶን ኦስለር ከእንግሊዝ አገር ኮርንዎል የመጡ፣ ቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን የነበሩ የአንግሊካን ቄስ ናቸው። ልጁ ረባሽ ነበር፤ በዳንዳስ ከተማ ይማርበት ከነበረ ትምህርት ቤት በተንኮሉ ተባሯል። የቄስ ልጅ ነውና እሱም ቄስ ሊሆን በ1867 ቶሮንቶ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በዓመቱ ሐሳቡን ለወጠና ሕክምና ጀመረ።

ልጁን ወደዚህ የመለሱት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ቄስ ጆንሰን ነው፤ ትምህርት ቤት መሥርቶ ልጆቹን ከወንዝ ውኃ እያስቀዳ በማይክሮስኮፕ እንዲያዩ የሚያደርግ ተፈጥሮ ወዳድ ቄስ። ሁለተኛው ጄምስ ቦቬል የሚባል የቶሮንቶ ሐኪም ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቶ ሰጠው። ሦስተኛው ኦስለር በ1870 ወደ ሞንትሪያል፣ ወደ ማጊል ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ያገኘው ፓልመር ሃዋርድ ነው። ኦስለር ከሃያ ዓመት በኋላ ስሙን በዓለም ያስጠራውን መጽሐፍ ሲያሳትም መታሰቢያነቱን የሰጠው ለእነዚሁ ሦስት መምህራን ነው። ሃዋርድ በ1889 ሲሞት ደግሞ ለልጆቹ እንደ አባት ሆነላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ ካምቤል ሃዋርድ፣ በኋላ በኦስለር ሥር ሠልጥኖ ራሱ የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር ሆኗል። የመምህርን ውለታ መክፈያው እንዲህ ነው፤ ለመምህሩ ሳይሆን ለሚቀጥለው።

በ1872 ተመርቆ ሁለት ዓመት ያህል አውሮፓ ተቀመጠ። ለንደን ውስጥ በበርደን ሳንደርሰን ላቦራቶሪ ሲሠራ ዛሬ ፕሌትሌት የምንላቸውን የደም ክፍሎች በጥንቃቄ ተመልክቶ ገልጿል። በርሊንና ቪየናም ሄዷል። በ1874 ወደ ማጊል ተመልሶ ማስተማር ሲጀምር ገና 25 ዓመቱ ነበር። ማስታወሻ ይዞ መድረክ ላይ ቆሞ ማነብነብ አልሆነለትም፤ ያስጨንቀው ነበር ይባላል። ደግነቱም ይኸው ነው፤ መድረኩ ስላልተመቸው ሌላ ቦታ ፈለገ።

መጀመሪያ የፈለገው ቦታ የሬሳ ክፍል ነው። በሞንትሪያል ጄኔራል ሆስፒታል በገዛ እጁ በመቶ የሚቆጠሩ አስከሬኖች መርምሯል፤ ያየውንም አንድ በአንድ ጽፏል። የፈንጣጣ ዋርድ ኃላፊነት ማንም አይሻማም ነበር፤ እሱ ወሰደው። በሽታው ያዘው፣ ቀለል ብሎም ለቀቀው። ለዚህ ሥራ የተከፈለውን ገንዘብ ምን አደረገው? ለተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ገዛበት። የውጭ አገር መጽሔቶች ውድ ስለነበሩ ወጣት ሐኪሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ መጽሔት ለብዙ ሰው የሚያነቡበትን ማኅበር አቋቋመ። ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት እየተንቀላፋን የምንሰማው ጆርናል ክለብ ከዚያ ዓይነቱ ጅምር የመጣ ነው። መነሻው ድህነት ነበር ብላችሁ ለሬዚደንቶቻችሁ ንገሯቸው፤ ምናልባት ይነቁ ይሆናል።

በ1884 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊላደልፊያ ጠራው። መሄድ አለመሄዱን ሳንቲም ወርውሮ ነው የወሰነው የሚለውን ታሪክ ራሱ እየደጋገመ ያወራ ነበር። የፊላደልፊያ ተማሪዎች ግርማ ሞገስ ያለው ተናጋሪ ሲጠብቁ፣ አጠር ያለ፣ ጠየም ያለ፣ ከጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው መጣላቸው። አዝነው ነበር። ወደ ዋርድ ሲወስዳቸው ግን አብረውት ቀሩ። በ1885 ለንደን ላይ ስለ ልብ ቫልቭ ልክፈት፣ ማለትም ስለ ኢንዶካርዳይቲስ፣ የሰጠው ተከታታይ ንግግር ያን የተበታተነ በሽታ መልክ አስያዘው። ይህን ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም። የሩማቲክ የልብ ሕመም ባለባት አገር የሠራ ሐኪም ሁሉ ትኩሳት ያለበትን ወጣት ጣት እያገላበጠ የኦስለርን እባጮች ፈልጓል። ተማሪ ሳለን የምናውቀው ስሙን ብቻ ነበር፤ ፈተና ላይ ከሌላ ሰው ስም ጋር እንዳናደባልቀው ብቻ እንጨነቅ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ነገር የሚጀምረው ባልቲሞር ላይ ነው።

ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በግንቦት 1889 ሲከፈት ኦስለር የውስጥ ደዌ ክፍል ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ፤ አርባ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ዌልች ፓቶሎጂውን፣ ሃልስቴድ ቀዶ ሕክምናውን፣ ኬሊ የማሕፀን ሕክምናውን ያዙ። ሆስፒታሉ ተከፈተ እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ገንዘብ አጥሮት ቆመ። የተከፈተው በ1893 ነው፤ እሱም ሜሪ ጋሬት የተባለች ባለጸጋና ጓደኞቿ ገንዘቡን ሰብስበው ሁለት ነገር ስላስገደዱ ነው። አንደኛ፣ ሴቶች ከወንዶች እኩል ይገቡ አሉ። ሁለተኛ፣ የሚገባው ሁሉ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይኑረው አሉ። የመጀመሪያዎቹ 18 ተማሪዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ሴቶች። ኦስለር የመግቢያውን ጥብቅነት አይቶ እኛ በፕሮፌሰርነት መግባታችን በጀን እንጂ በተማሪነትማ ማን ያስገባን ነበር ብሎ ለዌልች ቀልዷል ይባላል።

ተማሪ ባልነበረባቸው በእነዚያ አራት ዓመታት ሁለት ነገር ሠራ። አንዱ መጽሐፉ ነው፤ እመለስበታለሁ። ሌላው የሬዚደንት ሥርዓቱ ነው።

ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ የተመረቀ ሐኪም አንድ ዓመት ሆስፒታል ሠርቶ፣ ወይም ጨርሶ ሳይሠራ፣ የራሱን ክሊኒክ ይከፍት ነበር። ኦስለር ጀርመን ያየውን የረዳቶች መሰላል አምጥቶ ለአገሩ እንዲስማማ አደረገው። ከታች ኢንተርኖች ለአንድ ዓመት ይገባሉ። ከእነሱ ጥቂቱ ረዳት ሬዚደንት ሆነው ይቀራሉ። ከላይ አንድ ሬዚደንት አለ። ይህ አንዱ ሬዚደንት ስንት ዓመት እንደሚቆይ አልተጻፈም፤ ቦታ እስኪያገኝ ነው። ሁሉም የሚኖሩት እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው፤ ሬዚደንት የሚለው ስምም ነዋሪ ማለት ነው። ደመወዙ እዚህ ግባ አይባልም፤ ማግባትም አይታሰብም። ይህን ክፍል ማንም አይመኘውም፣ እኔም አላሞግሰውም።

የሚያስገርመው ግን ለዚያ ላይኛው ሬዚደንት የሰጠው ሥልጣን ነው። ዋርዱ የእሱ ነው። ሌሊት የሚወስነው እሱ ነው። ኢንተርኖቹን የሚያሠለጥነው እሱ ነው። ኦስለር በየበጋው ወደ አውሮፓ ሲሻገር ክፍሉ በሬዚደንቱ እጅ ይቀራል። ሲመለስ ደግሞ ያንን ወጣት በሰው ፊት አያዋርደውም፤ ስህተት ካለ ለብቻ ነው የሚነጋገሩት። እኔ ካለፍሁባቸው ሆስፒታሎች በአንዱ፣ ስሙን ልተወው፣ ራውንድ ማለት ሬዚደንት በታካሚው ፊት የሚሰደብበት ሰዓት ነበር። ከዚያ ራውንድ ብዙ በሽታ ተምሬያለሁ፤ ሰው መምራትን ግን ከሌላ ቦታ መማር ነበረብኝ።

ውጤቱን በስም መቁጠር ይቻላል። ዊሊያም ታየር በሬዚደንትነት ሰባት ዓመት ያህል ቆየ፤ በኋላም እዚያው ሆፕኪንስ የውስጥ ደዌን ክፍል መራ። ሉዌሊስ ባርከር ኦስለር ሲሄድ ወንበሩን ተረከበ። ቶማስ ማክሬ ፊላደልፊያ ጄፈርሰን ፕሮፌሰር ሆነ። ሩፈስ ኮል በ1910 የተከፈተው የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ። አንድ ክፍል ኃላፊ ከሥሩ አራት የክፍል ኃላፊ ካፈራ ሌላ ምን ይጠየቃል? እኛ እጃችን ላይ ይዘን ያደግነውን ትልቁን የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ያዘጋጀው ቲንስሊ ሃሪሰንም በ1922 የተመረቀው ከዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ጊዜ ኦስለር ባይኖርም ቤቱ የእሱ ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን በዋርድ ጸሐፊነት አስገባቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ታካሚዎች አሉት። ታሪኩን የሚቀበለው፣ የሚመረምረው፣ ደሙንና ሽንቱን ከዋርዱ አጠገብ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ የሚያየው፣ የሚጽፈው ተማሪው ነው። ጉብኝት አይደለም፤ ሥራ ነው። ተማሪው ካልሠራ ዋርዱ ይጎድላል። ኦስለር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ክንዱን አንዱ ወጣት ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ይገባል፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ ታካሚውን ሰላም ይላል። ከዚያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ፣ ከዚያ ጆሮ። ቸኩሎ የሚነካን ተማሪ መልሶ እንዲያይ ያደርገዋል።

ዛሬ በእኛ ዋርድ ሰላሳ ሰው አንድ አልጋ ይከባል። ከኋላ ያለው ተማሪ የሚያየው የፊተኛውን ጋዎን ነው። የኦስለር ተማሪዎች ጥቂት ስለነበሩ ቀለለው የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ነገር ግን የፈጠራው ቁም ነገር ቁጥሩ አይደለም። ተማሪ ተመልካች ሳይሆን የሥራው አካል ይሁን የሚለው ነው። ሰላሳ ሰው ቢኖርም ለሰላሳ ሰው የሚበቃ ሥራ በእኛ ዋርድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ተማሪዎቹ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ብስኩትና ቢራ ይቀርባል፤ የሳምንቱ ታካሚዎች ይወሳሉ፤ ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ሁለት የቆዩ መጻሕፍት አውጥቶ ያሳያቸዋል። ጎረቤት ቤት ተከራይተው ለሚኖሩ ወጣት ሐኪሞች የቤቱን የበር ቁልፍ ሰጥቷቸው ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱን በፈለጉት ሰዓት ገብተው እንዲጠቀሙ። ከእነዚህ ባለ ቁልፎች አንዱ ሃርቪ ኩሺንግ ነው፤ በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አባት የተባለው። የኦስለርን የሕይወት ታሪክ በሁለት ትልልቅ ቅጽ ጽፎ በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘውም እሱ ነው።

በ1892 ሁለት ነገር ሆነለት፤ መጽሐፉ ወጣ፣ ትዳር ያዘ። ሚስቱ ግሬስ ሪቬር የሐኪም ጓደኛው መበለት ነበረች። መጽሐፉ ካላለቀ አላገባም ማለቷ፣ ሲታተምም ጭኗ ላይ ጥሎላት አሁንስ ምን ትያለሽ ማለቱ ይተረካል። መጽሐፉ የውስጥ ደዌን መርሕና አሠራር የሚያስተምር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የጻፈው፣ ቋንቋው የማያሰለች፣ በየጊዜው እየታደሰ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ። የአንጀት ተስቦን፣ የሳንባ ምችን፣ ሳንባ ነቀርሳን በገዛ ታካሚዎቹና በገዛ አስከሬኖቹ ይገልጻል።

ከሁሉ የሚገርመው የመጽሐፉ ሐቀኝነት ነው። ምልክቱን፣ ፓቶሎጂውን አሳምሮ ከገለጸ በኋላ ወደ ሕክምናው ሲደርስ ብዙ ቦታ ላይ መድኃኒት እንደሌለን ሳይሸፋፍን ይናገራል። የጊዜው ሐኪም በጠርሙስ ብዛት በሚለካበት ዘመን ይህ ቀላል አልነበረም። በ1897 ክረምት ፍሬድሪክ ጌትስ የሚባል፣ ሐኪም ያልሆነ፣ የባለ ነዳጁ የሮክፌለር አማካሪ መጽሐፉን ለዕረፍት ይዞት ሄደ። አንብቦ ሲጨርስ ደነገጠ፤ ሕክምና ይህን ያህል ባዶ እጁን መሆኑን አያውቅም ነበር። ያ ድንጋጤ ነው በ1901 የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም እንዲመሠረት መንገድ የከፈተው። ለፈንድ ፕሮፖዛል ስንጽፍ ያልሠራነውን እንደሠራን፣ የማናውቀውን እንደምናውቅ አድርገን ለምናስውብ ሰዎች ይህ ታሪክ ትንሽ ይቆረቁራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቀልዱን አልተወም። ኤገርተን ዮሪክ ዴቪስ የሚባል በሕይወት የሌለ የጦር ሐኪም ፈጥሮ፣ በስሙ የውሸት የበሽታ ታሪክ ወደ መጽሔቶች ይልክ ነበር። ሳይጠረጥሩ ያተሙለትም አሉ። በአንድ በኩል ደግሞ ቁም ነገረኛ ዜጋ ነው። ስለ ባልቲሞር የቆሸሸ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ከንቲባና ሕዝብ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ የአንጀት ተስቦ ዋርዱን ሲሞላው ምክንያቱ ከዋርዱ ውጭ መሆኑን ያውቃልና። በሳንባ ነቀርሳ የተያዙ ድሆችን ተማሪዎቹ ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲያዩ ያደርግ ነበር።

ወደ 1904 ገደማ ሰውነቱ ዛለ። ከየከተማው ታካሚ ይጠራዋል፣ ሁሉም ስብሰባ እሱን ይፈልጋል። በዚህ መሐል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰርነት ቀረበለት፤ ሚስቱም ሳያመነታ እንዲቀበል ገፋፋችው። በየካቲት 1905 ሆፕኪንስን ሲሰናበት የሰጠው ንግግር ነው ጣጣ ያመጣበት።

የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት መምህራኑ አብረው ካረጁ ይደርቃል፤ መምህር ከቦታ ቦታ መዘዋወር፣ በጊዜውም ለወጣት መልቀቅ አለበት። እስከዚህ ማንም አይቆጣም። ከዚያ ግን ዓለምን የለወጠው ሥራ በአብዛኛው ከአርባ ዓመት በታች ባሉ ሰዎች የተሠራ ነው አለ፤ ከስድሳ በላይ ያለውን ሰው ደግሞ ጡረታ ማውጣት ይበጃል ብሎ ከትሮሎፕ ልብ ወለድ አንድ ቀልድ ጨመረ፤ እሱ እንዳቀረበው ከሆነ በልብ ወለዱ ሽማግሌዎች ለአንድ ዓመት ገለል ብለው ያስቡና ከዚያ በክሎሮፎርም በሰላም ይሸኛሉ። በማግስቱ ጋዜጦቹ ኦስለር ሽማግሌ ሁሉ በክሎሮፎርም ይገደል አለ ብለው አወጡት። ከዚያ ወዲያ የስድብ ደብዳቤ ጎረፈበት፤ ስሙም ግሥ ሆኖ ቀረ፣ ሽማግሌን ማስወገድ ማለት ሆነ። ሲናገር ዕድሜው 55 ነበር።

እኔ ይህን ንግግር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሽማግሌ በሚከበርበት አገር ያደግሁ ሰው ነኝና ቀልዱ አልጣመኝም። ስለ አርባ ዓመት ያለውም ልክ አይመስለኝም፤ እሱ ራሱ እስከ ሰባ ዓመቱ ሠርቷል። ነገር ግን ከቀልዱ ሥር ያለውን ጉዳይ እንዲሁ ማለፍ አይቻልም። ሰውዬው በስሙ ገናናነት ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ወንበሩን ለቀቀ። ከሥሩ የሚረከብ ሰው ስላለ ለመልቀቅ አልፈራም። የሚረከብ ሰው የሌለው ኃላፊ ነው ወንበር የሚሞቀው። በእኛ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ሽማግሌው እንዳይለቅ የሚለምነው ወጣቱ ነው፤ ምክንያቱም መካከለኛው ትውልድ ወይ ውጭ አገር ነው፣ ወይ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ነው። የኦስለርን ንግግር ለእኛ ብናነበው መጀመሪያ የምንጠይቀው ሽማግሌዎቹ መቼ ይሄዳሉ ሳይሆን የአርባ ዓመቶቹ የት አሉ የሚለውን ይመስለኛል።

ኦክስፎርድ ላይ በኖርሃም ጋርደንስ የነበረው ቤቱ በሩ የማይዘጋ ስለነበር ወዳጆቹ የተከፈቱ እጆች ይሉት ነበር። ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመጡ ወጣቶች እዚያ ይበላሉ፣ ያድራሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሳፈረበት መርከብ በቶርፔዶ የተመታበት አንድ ወጣት እዚያ ቤት ተኝቶ አገግሟል፤ ዋይልደር ፔንፊልድ ይባላል፣ በኋላ የሞንትሪያልን የነርቭ ሕክምና ተቋም የመሠረተው ነው። በ1907 የብሪታንያና የአየርላንድ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበር ሲመሠረት ኦስለር ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። የለንደንን የሕክምና ትምህርት ለሚመረምረው የንጉሣዊ ኮሚሽን ቀርቦ የሙሉ ጊዜ መምህር ያለው፣ ላቦራቶሪና ዋርድ ያልተነጣጠለበት ክፍል አስፈላጊ መሆኑን አስረድቷል። በ1911 የሰር ማዕረግ ተሰጠው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልናገር፤ የምንወደውን ሰው ስናወሳ ይህን ማለፍ ልማዳችን ነውና። በ1914 ከሕንድ የመጡ ስደተኞችን የጫነች መርከብ ወደ ካናዳ ባመራችበት ሰሞን ኦስለር ባደረገው ንግግር ካናዳ የነጮች አገር ሆና መቅረት አለባት የሚለውን ሐሳብ ደግፏል። በዚያ የቅጽል ስሙ ከጻፋቸው ቀልዶች መካከል የካናዳን ነባር ሕዝቦች የሚያዋርድ አለ። የሆፕኪንስ ሆስፒታልም ጥቁር ታካሚዎችን በተለየ ዋርድ ያስተኛ ነበር፤ ከእነዚያ ዋርዶች ብዙ ተምሯል፣ አስተምሯልም። የዘመኑ ሰው ነው የሚል መልስ ይሰጣል። በዘመኑ ግን ያንን የተቃወሙም ነበሩ። እኛ የተማርንበትን ሥርዓት የሠራ ሰው እኛን ቢያይ ምን ይል ነበር ብሎ ማሰብ ደስ አይልም። እኔ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ አላወረድሁትም። ለተማሪዎቼ ስለ እሱ ስናገር ግን ይህንንም አብሬ እናገራለሁ፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ብቻውን እንዲሰቀል አልፈልግም።

ኦስለርና ግሬስ የመጀመሪያ ልጃቸውን በ1893 ገና በተወለደ በሳምንቱ አጥተው ነበር። ሁለተኛው ሪቬር በ1895 መጨረሻ ተወለደ፤ ዓሣ ማጥመድና የቆዩ መጻሕፍት የሚወድ፣ አባቱ የሚሳሳለት ልጅ። ጦርነቱ ሲመጣ መድፈኛ መኮንን ሆነ። በነሐሴ 1917 ቤልጂግ ውስጥ በኢፕር ግንባር የመድፍ ፍንጣሪ መታው። ካጠገቡ በነበሩ የጦር ሆስፒታሎች የሚሠሩ አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች ማን እንደሆነ ሲሰሙ በሌሊት ተሰበሰቡ። ከመጡት አንዱ ያ ባለ ቁልፉ ኩሺንግ ነበር። ልጁን ማዳን አልቻሉም፤ ሲነጋጋ ሞተ። 21 ዓመቱ ነበር።

ኦስለር ከዚያ በኋላም እንግዳ መቀበሉን፣ ዋርድ መዞሩን አልተወም። ቀን ከሰው ጋር እንደ ድሮው ይጫወታል፤ ሌሊት እንደሚያለቅስ ሚስቱ ለዘመዶቿ ጽፋለች። ሰባኛ ልደቱን በ1919 ካከበረ በኋላ በመከር ወራት፣ የባቡር ሠራተኞች አድማ በመቱበት ሰሞን፣ ከስኮትላንድ በመኪና ሲመለስ ብርድ መታው። ሳንባ ምች ሆነ፣ ከዚያም ሳንባው ዙሪያ መግል ቋጠረ። የራሱን በሽታ እንደ ሌላ ሰው ታካሚ ይከታተለው ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የተከታተልሁት ሕመም ነውና የአስከሬን ምርመራውን ባለማየቴ ይቆጨኛል ብሎ እስከ መቀለድ ደርሷል። ታኅሣሥ 29 ቀን 1919 አረፈ፤ አስከሬኑም እንደ ፈቃዱ ተመረመረ።

ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ለተማረበት ለማጊል ተናዘዘ። በ1929 ሞንትሪያል ላይ የኦስለር ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። የመጻሕፍቱን ዝርዝር ለማዘጋጀት ዓመታት ከደከሙት አንዱ፣ በባልቲሞሩ ቤት በወጣትነቱ የኖረው ዘመዱ ዊሊያም ፍራንሲስ ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱም ኃላፊ ሆኖ እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው አገለገለ። የኦስለርና የግሬስ አመድ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቀምጧል።